በነጻ የተሰጠ ትምህርት ሥር የሚሰደው መቼ ነው?



እ.ኤ.አ. በ2001 ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስተማሪያ በሙሉ ማለት ይቻላል ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንደሚለቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዊኪፒዲያ ተጀመረ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓሪስ ላይ ስለ ታዳጊ አገሮች ከፍተኛ ትምህርት ባስመከረበት ጉባኤ «ክፍት የትምህርት ሀብቶች» የሚለው ስያሜ ወጣ። 2002 ሳያልቅም ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት አንድ ደራሲ ሥራውን «ውሰዱት፣ ቅዱት፣ አሻሽሉት» ብሎ የሚለቅበትን የፈቃድ ዓይነት አዘጋጀ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም የሕክምና መጽሔቶችን ለድሃ አገሮች ተቋማት ከፈተ፤ ኢትዮጵያም ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አንዷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ካን አካዳሚ መጣ፣ በየዩኒቨርሲቲው ስም የሚሰጡ የኢንተርኔት ኮርሶች መጡ። ዛሬ በነጻ የተለቀቀ ትምህርት ጠፋ ብሎ የሚያማርር ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ሕዝብ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። በሀብታም አገሮች ከመቶ ሰው 93ቱ ተጠቃሚ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 27ቱ ብቻ ነበር። ለቀሩት 73ቱ ያ ሁሉ ሀብት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ብዙ ሰው ከዚህ ቁጥር አንድ መደምደሚያ ብቻ ያወጣል፤ ገመዱ ይዘርጋ፣ መሣሪያው ይታደል፣ ሌላው ይከተላል ይላል። እኔ ዛሬ ልሞግት የመጣሁት ይህንን ሐሳብ ነው። ገመዱ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በነጻ የተሰጠ ትምህርት ሥር የሚሰደው ተቀባዩ ሊያቆመው፣ ሊቀዳው፣ ወደ ቋንቋው ሊመልሰውና ስሕተቱን ሊያርም ሲችል ነው። ይህ ሥልጣን ከሰጪው እጅ ካልወጣ ስጦታው የሰጪውን ስሜትና በጀት ያህል ብቻ ይቆያል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ እዚሁ አገራችን ከተደረገው ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ ወደሚገኙ ሁለት የገጠር መንደሮች ታብሌቶች ላከ። አንዷ መንደር በወንጪ አካባቢ፣ ሌላዋ በወለንጪቲ በኩል ነበሩ። በመንደሮቹ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት አልነበረም። ታብሌቶቹ እንደ ታሸጉ ለልጆቹ ተሰጡ፤ የሚያስተምራቸውም ሰው አልተመደበም። በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ተዘጋጅቶላቸዋል። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል፣ የተጠቀሙበትን መዝገብ ለተመራማሪዎች ይወስዳል። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ ሲናገሩ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ተሰማ፤ በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱት አሉ። ወሬው ዓለምን ዞረ።

እኔ የልጆቹ ብልሃት አላስገረመኝም፤ የሕፃን ልጅ እጅ ምን እንደሚፈታ ማንኛችንም በየቤታችን እናውቃለን። ያሳሰበኝ የተዘመረው መዝሙር ነው። በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ፣ ትምህርት ቤት በደጁ የሌለ ልጅ ማንበብን «ሀ» ብሎ እንዲጀምር የቀረበለት በእንግሊዝኛ ነበር። በታብሌቶቹ ላይ የተጫኑት መተግበሪያዎች የእንግሊዝኛ ነበሩና። በፔሩ ያው ድርጅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለመንግሥት ሸጦ ነበር፤ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ያነጻጸረው ጥናት ላፕቶፑ የልጆቹን የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ፈቅ አላደረገውም የሚል መልስ ይዞ ወጣ። ከወንጪው ሙከራ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ያሉበት ኩሪየስ ለርኒንግ የተባለ ድርጅት ግን ከጊዜ በኋላ መንገዱን አስተካከለ፤ የውስጥ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የንባብ ጨዋታ ወስዶ፣ በየአገሩ ቋንቋ እንዲናገር ማድረጉን ሥራው አደረገ።

ሁለተኛውን ምሳሌ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ ዓላማው ሊነቀፍ የሚችል አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በስክሪን ታየ፤ የፊዚክስ መምህር ያላገኘ ክፍል መምህር አገኘ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሠራጭ ነበር። ግን እስኪ ክፍሉን አስታውሱት። የእኛው መምህር መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። መካከሉን የያዘው ስክሪን ነው፤ እንግሊዝኛው ለተማሪው ጆሮ ያልለመደ፣ ፍጥነቱም ማስታወሻ ለመጻፍ የማያስችል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም። መምህሩ «ቆይ፣ ይቺን እንድገማት» ቢል ሥርጭቱ አይቆምለትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ምዕራፉ አልፏል፤ ሰዓቱ ከማእከል የተቆረጠ ነውና። መሣሪያው ውድ ነበር፣ ይዘቱም ተለፍቶበታል። የጎደለው የክፍሉ ባለቤት የሆነው መምህር ሊያቆመውና ሊያርመው አለመቻሉ ነው።

ሦስተኛው ስለ ኢንተርኔት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 ዊኪፒዲያ ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ነበር፤ የስልክ ኩባንያዎች ዊኪፒዲያ ለሚያነብ ደንበኛ የዳታ ሒሳብ አይቆርጡም ነበር። ፌስቡክም ፍሪ ቤዚክስ በሚል ስም የተመረጡ ገጾችን በነጻ አቀረበ። አንጎላ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ ዳታ ውድ ነበር። ወጣቶቹ ሁለቱ ነጻ በሮች እንደሚገናኙ አስተዋሉና ፊልምና ሙዚቃ በሥዕል ፋይል ውስጥ እየደበቁ በዊኪፒዲያ እኅት ማኅደር ላይ ይጭኑ፣ አድራሻውን በፌስቡክ ቡድን ይለዋወጡ ጀመር። የዊኪፒዲያ በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ተንጫጩ፤ ድርጊቱ የቅጂ መብት ጥሰት ነው። እኔ ግን የማነበው እንዲህ ነው፤ ድሃ ሰው ተቆርጦ በተሰጠው አይወሰንም፣ እንደ ሌላው ዓለም ሙሉውን ይፈልጋል፣ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መላክም ይፈልጋል። የሕንድ ቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 እንዲህ ያለውን አድሏዊ ታሪፍ ከለከለ፤ የትኛው ገጽ ነጻ፣ የትኛው በክፍያ እንደሚሆን አንድ ኩባንያ ሊወስን አይገባም በሚል። ዊኪፒዲያ ዜሮም በ2018 ራሱ ተዘጋ። የለመደው አንባቢ ተጠይቆ አልነበረም።

እነዚህን ሦስቱን ያነሣሁት ለማጣጣል አይደለም፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የምነግራችሁ የተሳካ ሥራ ለምን እንደተሳካ እንዲታያችሁ ነው።

አገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ2003 ስትጀምር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተወሰነ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። እነዚህን ሴቶች ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማሳደግ ሁሉንም ከጤና ኬላቸው አንሥቶ ኮሌጅ ማስገባት አይቻልም፤ እናቲቱን ማን ያዋልዳታል? ስለዚህ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ 13 ሞጁሎች አዘጋጀ። የቅድመ ወሊድ ክትትል አለ፤ ወሊድ አለ፤ ክትባት፣ ሥርዓተ ምግብ፣ የግልና የአካባቢ ንጽሕና፣ ተላላፊ በሽታዎች አሉ። የጻፉት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው፤ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ለርቀት ትምህርት የሚመች ጽሑፍ እንዴት እንደሚዋቀር አገዙ።

አንዱን ሞጁል ብትከፍቱት ትምህርቱ በአጫጭር ክፍሎች ተቆራርጧል፤ እያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ ራስን መፈተኛ ጥያቄ ይጠብቃችኋል። የሚነገረው ስለ ጤና ኬላ፣ ስለ ቀበሌ፣ ስለ ገጠር እናት ነው፤ ለሠራተኛዋ እንግዳ የሆነ ሆስፒታል ውስጥ አያስገባትም። በወረቀት ታትሞ ስለሚሰጥ መብራት ሄደ ኔትወርክ ጠፋ ሳይባል ይነበባል፤ ከንባቡ ጎን የተግባር ሥልጠና አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞጁሎቹ የተለቀቁት በክፍት ፈቃድ ነው። ሌላ የአፍሪካ አገር ወስዶ «ቀበሌ» የሚለውን በራሱ አጠራር ተክቶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ መሆኑ አንድ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ ስላለ ነገ ተነሥቶ የሚተረጉማቸው ሰው ማንንም ደጅ መጥናት የለበትም።

ከፕላዝማው ጋር አስተያዩት። ያኛው በሳተላይት መጥቶ ከመምህሩ እጅ ያልገባ ነው። ይኼኛው በተራ ወረቀት ታትሞ ባለቤቱ እጅ ገባ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ልመለስ። ኢንተርኔት የማይደርስበት ትምህርት ቤት ኢንተርኔቱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አለበት ወይ? የለበትም። ኪዊክስ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ነው። ዊኪፒዲያን በሙሉ ጨምቆ አንድ ፋይል ያደርገዋል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ይመጣል፤ ዛሬ ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያርፍ ነው። ይህችን ካርድ መዳፍ የምታህል ራስቤሪ ፓይ የተባለች ኮምፒውተር ውስጥ ትከቷታላችሁ። በስልክ ቻርጀር ትሠራለች፤ መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ። መምህሩ ሲያበራት የራሷን ዋይፋይ ትለቃለች። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው የዋይፋዩን ስም ይመርጣሉ፣ እንደማንኛውም ድረ ገጽ ይከፍታሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ያነባሉ። ካርድ መሙላት የለ፣ ፓኬጅ መግዛት የለ። ከዊኪፒዲያ ጎን የካን አካዳሚን ቪዲዮዎች፣ የትምህርት ሚኒስቴርን መጻሕፍት፣ መምህሩ ራሱ ያዘጋጀውን ማስታወሻ መጨመር ይቻላል። እነሆ፣ መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊጨምርበት፣ ሊቀንስበት የሚችል ቤተ መጻሕፍት።

ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። በ2009 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትግራይ፣ ኋላም አማራ ክልል ለብዙ ወራት ኢንተርኔት አጥተዋል። ትምህርቱን ሁሉ በገመድ ላይ የሰቀለ አገር ገመዱ በተቆረጠ ቀን ትምህርቱም ይቆረጥበታል። የልጆቻችን መማሪያ ቅጂ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ውስጥ መኖር አለበት።

ተማሪዎቻችንማ ይህንን ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ በወቅቱ አልደረሰም ነበር። ምን አደረጉ? ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ አገኙ። ዋይፋይ ያለበት ካፌ ደጃፍ ቆሞ አንዱ ያወርዳል፣ ለጓደኞቹ በብሉቱዝ ወይም በሼር-ኢት ይልካል፤ ገንዘብ ያለው የሌሊት ፓኬጅ ይገዛል። ያለፉ ዓመታት የመግቢያ ፈተናዎች በዚሁ መንገድ ይዞራሉ። ይህ የእኛው አገር ክፍት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያለ በጀት፣ ያለ ምረቃ ሪባን ተቋቁሞ ይሠራል። ችግሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙው ፋይል ገጹን ፎቶ ያነሣ ስካን ነው፤ ሰማንያና መቶ ሜጋባይት ይከብዳል፣ ቃል ቢፈልጉበት አይገኝም፣ ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብለት ሶፍትዌር ከፎቶው ፊደል አይለይም። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ አይታወቅም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ማንኛውም ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው። በግልጽ «ተጠቀሙበት» ያልተባለ መጽሐፍን አንድ ጎበዝ የባዮሎጂ መምህር ቆርጦ፣ አስፋፍቶ፣ የተሻለ ሥዕል ጨምሮ ቢያሠራጨው በሕግ ፊት ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀ መጽሐፍ ሕዝቡን ወንጀለኛ ሊያደርገው አይገባም።

የፊደሉንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ስንት ሞጁሎች፣ ስንት የመምህራን ማሠልጠኛ ጽሑፎች በየቢሮው ኮምፒውተር ተቀምጠዋል! ዛሬ ስትከፍቷቸው የሚወጣው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ከአዲስ ግዥ የሚረክስ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ሁለት ትጉህ ሰውና አንድ ክረምት ብቻ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀድሜ ልመልሰው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ ማሽኑ ሁሉን ወደ አማርኛ ይመልሰው የለ? ለምን እንደክማለን?» ይባላል። ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በእጅጉ ተሻሽሏል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖረው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ከጎተራው ያልገባ እህል ከወፍጮው አይወጣም። ደግሞም የመድኃኒት መጠን ወይም የኬሚካል ስም ተሳስቶ ሲተረጎም የሚይዘው በሙያውና በቋንቋው የበቃ ሰው ነው። ማሽኑ ረቂቁን ያፍጥንልን፤ ፊርማው የእኛ ይሁን።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችንም አንድ መልእክት አለኝ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ለልጆች በየቋንቋው መጽሐፍ ሲገዛ በአማርኛ የሚገዛ አላገኙም። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማሳተም ነው፤ ከዚያ አገራቸው ገብተው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ አዞሩ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ ይዘቱ ቀደመ፣ ማጓጓዣው ተከተለ። ዛሬ ከዋሽንግተንም ሆነ ከስቶክሆልም ያገለገለ ኮምፒውተር በኮንቴይነር የሚልክ ወገን ምስጋና ይገባዋል። ግን ቅዳሜ ከሰዓቱን ሰጥቶ አንድ የፊዚክስ ምዕራፍ የሚተረጉም መሐንዲስ፣ አንድ የሕክምና ጽሑፍ የሚያርም ሐኪም፣ ለዓይነ ስውራን አንድ መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ ጡረተኛ የሚልከው ነገር ቀረጥም አያስከፍል፣ አይበላሽም።

ስለ ኢንተርኔት ዋጋም የማልረሳው ጉዳይ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን የኢንተርኔት ወጪ ከአንድ ሰው አማካይ የወር ገቢ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ግብ አስቀምጧል። አገራችን ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ቴሌኮም ኩባንያዎች አሏት። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። በኮምፒውተር የምንፈትነውን ልጅ በኮምፒውተር ማስተማር ግዴታችን ነው፤ መዳፊት ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከከተሜው እኩል ተፈተነ ማለት አንችልም። ስለዚህ ከሁለቱ ኩባንያዎች ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተለየ ታሪፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ታሪፉ ግን ለተመረጡ ገጾች ሳይሆን ለሙሉው ኢንተርኔት መሆን አለበት።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ማን ምን ያድርግ?

ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች በሕዝብ ገንዘብ የሚዘጋጅ መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ በክፍት ፈቃድ፣ ቃል በሚፈለግበት የዩኒኮድ ጽሑፍ እንዲወጣ ይወስኑ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ አባል አገሮችን የጠየቀው ይህንን መንገድ ነው። የሚያስፈልገው በመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ላይ የሚታተም አንድ አንቀጽ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች አንድ መምህር ክፍት መማሪያ ሲያዘጋጅ ወይም ሲተረጉም ለደረጃ ዕድገቱ ይቁጠሩለት። ማንም የማያነበው መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነጥብ ካሰጠ፣ አሥር ሺህ ተማሪ የሚማርበት ሞጁልም ሊያሰጥ ይገባል።

መምህራን ደግሞ ማንንም አትጠብቁ። በእጃችሁ ያለውን ማስታወሻ፣ በየዓመቱ እያሻሻላችሁ የምታስተምሩበትን፣ ተይቡት፤ ግርጌው ላይ «ይህን ጽሑፍ ማንም ሰው ስሜን ጠቅሶ ሊቀዳው፣ ሊያሻሽለው፣ ሊያሠራጨው ይችላል» ብላችሁ ጻፉበት። ተማሪዎች እናንተም ስሕተት ስታገኙ ዝም አትበሉ፤ አርማችሁ መልሳችሁ ላኩ። የምታርሙት መጽሐፍ የእናንተ ነው።

ለጋሽ ድርጅት ነገ ታብሌት ይዞ በራችሁን ሲያንኳኳ እጁን ጨብጣችሁ አመስግኑና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ውስጥ ያለው በየትኛው ቋንቋ ነው? ቀድተን ልናሻሽለው ፈቃድ አለን ወይ? እናንተ ስትሄዱ ማን ያድሰዋል? ለሦስቱም መልስ ካለው ተቀበሉት። መልስ ከሌለው ታብሌቱን ከመረከባችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ መልሱን አብራችሁ ጻፉ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄም ሙግትም አምጡ።